የትንሹ ፈረስ ኮርቻ በጅማ መርካቶ

ባለፈው የታኅሣሥ ወር በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ጅማ ወርጄ ነበር። ከመዝገቡና ከወረቀቱ ጋር በሻንጣዬ ውስጥ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አንድ የልጅ መጫወቻ ፈረስ ይዤ ነበርና አብሮኝ የተጓዘው ባልደረባዬ ባየው ጊዜ እጅግ ሳቀ። «ሰው በፈረስ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ፈረስ ተሸክሞ የሚሄድ ግን ዛሬ አየሁ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ የፈረሱን ታሪክ ግን ሳልነግረው ቀረሁ። ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እነግራለሁ።

ፈረሱን ለልጄ የላከችለት በአሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ናት። በዚያ አገር ብሬየር የሚባለው ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1950 ዓመት ጀምሮ እንደዚህ ያሉ ፈረሶች ሲያወጣ ኖሯል፤ ከትልልቆቹ ወገን የሆኑት የእውነተኛውን ፈረስ አንድ ዘጠነኛ ያህላሉ። የጡንቻው አወጣጥ፥ የጋማው አወዳደቅ፥ የኮቴው ቅርጽ ሁሉ ተጠንቅቆ የተሠራ ነው። የሚገዟቸውም ልጆች ብቻ አይደሉም። ጎልማሶችና ሽማግሌዎችም ይሰበስቧቸዋል፤ ከስስ ቆዳ ኮርቻና ልጓም ሰፍተው ይጭኑላቸዋል፤ በዳኛም ፊት አቅርበው ያወዳድሯቸዋል። የሥራውም መለኪያ ይህ ነው፤ ፈረሱ ከነኮርቻው ፎቶግራፍ ሲነሣ ተመልካቹ እውነተኛ ፈረስ መስሎት የተሳሳተ እንደ ሆነ ሠሪው ተመሰገነ ማለት ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ፈረሱን ተቀብሎ ካገላበጠው በኋላ «አባባ፥ ኮርቻው የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያለ ኮርቻ የተላከ መሆኑን ብነግረው፥ «እንግዲያው እንደ አያቴ ኮርቻ ያለ ይሠራለት» አለ። አባቴ በወጣትነታቸው በዳማ ፈረስ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏልና ልጁ ያውቀዋል። ኮርቻውን ግን በዐይኑ አላየውም። አለማየቱም በእኔ ጥፋት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ከአባቴ ቤት ወጥተን ወደ ጠባብ የጋራ መኖሪያ ቤት ልንዛወር በተሰናዳን ጊዜ፥ ስፍራ የለንም በማለት፥ አባቴ ለሕክምና ከቤት በወጡበት ሳምንት፥ ኮርቻውን ከነግላሱና ከነልጓሙ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጥሁት። አባቴ ሲመለሱ ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ ኮርቻው ተሰቅሎበት የነበረውን የእንጨት ችካል በእጃቸው ዳሰሱት፤ አንድ ቃልም አልተናገሩም። እስከ ዛሬም አልተናገሩም። ልጁ ኮርቻ በጠየቀኝ ጊዜ እርሳቸው በአጠገቡ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጅማ መሄድ በተሰጠኝ ጊዜ፥ ፈረስና በቅሎ ገና ከነጭራሹ ያልጠፉበት አገር ነውና፥ ይህን ኮርቻ የሚሠራልኝ ሰው በዚያ አላጣም ብዬ አሰብሁ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርዱ ካፖርት ያስወልቃል፤ ድልድዩን ተሻግረው በአባልቲ ሲወጡ መልሶ ያስደርባል። ከዚያ በኋላ በሰኮሩና በአሰንዳቦ፥ በሰርቦም በኩል አገሩ እየለመለመ ይሄዳል። ወራቱ የቡና መልቀሚያ ነበርና በየደጁ ቀይ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶችና ልጆች ሲያገላብጡት ይታያል። ከአጋሮና ከሊሙ ወገን ቡና የጫኑ ካሚዮኖች ተከታትለው ይመጣሉ። የመኪና መንገድ ሳይወጣ በፊት ይህ ሁሉ ቡና ከዚህ አገር የሚወጣው በበቅሎ ጀርባ ስለ ነበረ፥ ጠፍር የሚቀድና ኮርቻ የሚሰፋ ሰው ለነጋዴው እንደ ሚዛኑ የሚያስፈልገው ሰው ነበር።

ጅማ ደግሞ በፈረስ ስም የተጠራ አገር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ጅማ አባ ጅፋር ሲባል አባ ጅፋር የሰው የመወለጃ ስም የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን የፈረስ ስም ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1830 ዓመት መንገሥ የጀመሩት የመጀመሪያው አባ ጅፋር መጠሪያቸው ሳና ነበረ። ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ የገዙትና ከዐፄ ምኒልክ ጋር በብልሃት ተስማምተው ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ያዳኑት ሁለተኛው አባ ጅፋር ደግሞ ቱሉ ይባሉ ነበር። ይህም ልማድ የጅማ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን አንባቢ ያውቃል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ሻለቃ ጦር ቃኘው የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው፤ ፈረሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስሙ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ ማለት ነው። ስሙን እንዲህ የምናከብርለትን እንስሳ ጀርባውን የሚጠብቅለት ኮርቻ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ ስንት ነው? እኔ ራሴ የፈረሰኛ ልጅ ሆኜ አላውቅም ነበር።

የጅማ ገበያ በቀድሞው ዘመን በጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ፥ ሂርማታ በተባለው ስፍራ፥ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ታላቅ ገበያ ነበረ። ጣልያኖች አገሩን በያዙበት በአምስቱ ዓመት ከተማቸውን በዚያው በሂርማታ ቆረቆሩ፤ በቋንቋቸው ገበያ ማለት የሆነውም መርካቶ የሚለው ቃል እንደ አዲስ አበባው ሁሉ በጅማም ቀረ። እስከ ዛሬም የሰፈሩ ስም ሂርማታ መርካቶ ይባላል፤ የአገሬው ቃልና የእንግዳው ቃል ጎን ለጎን ተቀምጠው አይጣሉም። ባጃጁ፥ የፕላስቲክ ዕቃው፥ የልብስ ክምሩ በሌላው ከተማ እንዳለው ነው። የማር ጠረን ከቡናና ከኮረሪማ ጠረን ጋር ሲቀላቀል ግን ጅማ መሆኑን ዐይን ጨፍኖ ማወቅ ይቻላል።

የቆዳ ሠሪዎቹን ተራ ስጠይቅ መጀመሪያ የመሩኝ ቀበቶና የቦርሳ ማንገቻ ወደሚሸጡ ወጣቶች ነበር። ፈረሱን ከነጠላው ገልጬ ባሳያቸው አንዱ «በአንድ ሰዓት ሠርቼ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። እንዴት እንደሚሠራው ብጠይቀው ከወፍራም ቆዳ ቁራጭ ቆርጦ በማጣበቂያ እንደሚለጥፈው ነገረኝ። ልጄ እንዲህ ያለውን ወዲያው እንደሚነቅፈው ስላወቅሁ አመስግኜ ሄድሁ። በመጨረሻ ከገበያው ዳር፥ የበቅሎ ኮርቻና መጫኛ በተሰቀለበት አንድ ጠባብ ደጃፍ፥ ሽማግሌ ሰው ተቀምጠው ጠፍር ሲያለዝቡ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ፈረሱን ከፊታቸው አቆምሁት።

ሽማግሌው ፈረሱን ሳይነኩ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ቀጥለውም፥ «ጌታዬ፥ መጫወቻ ነው ወይስ ኮርቻ የሚፈልጉት?» አሉኝ።

«አባቴ፥ ለመጫወቻ ፈረስ የሚሆን ኮርቻ ነው።»

«መጫወቻ ከሆነ እዚያ ማዶ ካሉት ልጆች ይግዙ። ኮርቻ ከሆነ ግን ትንሽም ቢሆን ኮርቻ ነው፤ እንጨት አለው፥ ጠፍር አለው፥ ሦስት ቀንም ይፈልጋል።»

የመንግሥት ሥራዬ አራት ቀን ይፈጅ ነበርና ተስማማን። ያን ጊዜ ሽማግሌው ክር አውጥተው የፈረሱን ጀርባ ከትከሻው እስከ ወገቡ፥ ሆዱንም ዙሪያውን ለኩ። «ይህ የእኛ ፈረስ አይደለም፤ የፈረንጅ ነው። ትከሻው ከፍ ያለ፥ ጀርባው ረጅም ነው። የእኛን ኮርቻ ብናስቀምጥበት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ለእርሱ ልክ መሥራት አለብን» አሉ። ሕይወት ለሌለው ዕቃ ይህን ያህል መጨነቃቸው መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሽማግሌው ሌላ ዐይነት አሠራር እንደማያውቁ ተረዳሁ።

በየማታው ከሥራ ስወጣ ወደ ደጃፋቸው እየሄድሁ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። በኦሮምኛ ኮራ የሚባለው የአገራችን ኮርቻ ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። መሠረቱ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው፤ አንዱ በጀርባው አጥንት ግራ፥ ሌላው በቀኙ ይተኛሉ። ከፊት አንድ ከፍ ያለ እንጨት፥ ከኋላም አንድ መደገፊያ ሁለቱን ሳንቃዎች ያያይዟቸዋል። በመካከላቸው እንደ ቦይ ያለ ክፍት ስፍራ ይቀራል። በዚያ ክፍት ስፍራ ሥር የፈረሱ አከርካሪ ያልፋልና ነገሩ ሁሉ ያለው በእርሱ ነው። የተቀመጠው ሰው ክብደት በጎንና በጎን ባለው ሥጋ ላይ ይወድቃል እንጂ አጥንቱን አይነካውም። ይህ ክፍት ስፍራ የጠበበ ወይም የረገበ እንደ ሆነ ጀርባው ይቆስላል፤ ቁስሉም ትከሻ ድረስ የዘለቀ እንደ ሆነ ከብቱ ከእንግዲህ ወዲያ ጭነት አይችልም። በየገበያው መንገድ ጀርባው ተገሽልጦ ዝንብ የወረረውን አህያና በቅሎ ያላየ ሰው የለም፤ የብዙው ምክንያት ድካም ሳይሆን ክፉ ጭነትና ክፉ ኮርቻ ነው።

ሽማግሌው ከዋንዛ ፍላጭ ከጣት የማይረዝሙ ሁለት ሳንቃዎች ጠርበው በመካከላቸው ያንኑ ቦይ አወጡ። «ይህ ፈረስ አይቆስልም እኮ» ብላቸው፥ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ «ልጁ ግን ያያል» አሉኝ።

ሳንቃዎቹን የሚያያይዘው ምስማር አይደለም፤ ጥሬ ጠፍር ነው። ጠፍሩ እርጥብ ሳለ በተበሳው ቀዳዳ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን እንደ ብረት ያስረዋል። የኮርቻ ጥንካሬ ምሥጢሩ ይህ ነው። በመጀመሪያው ማታ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ይህንኑ አደረጉና በማግሥቱ ብመጣ ትንሿ ኮርቻ መካከሏ ተሰንጥቆ አገኘኋት። ጠፍሩ በሌሊት ሲደርቅ እንጨቱን ሰብሮት ነበር። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ ስንጥቁን በብርሃን አንጻር ይዘው ሲመረምሩ ቆዩና «ትልቁ እንጨት የሚችለውን ትንሹ አይችልም» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። ርዝመቱን በዘጠኝ ብናካፍለው ውፍረቱም ወርዱም ስለሚያንስ የእንጨቱ ጕልበት በዘጠኝ ብቻ ሳይሆን ከዚያ እጅግ በበለጠ ይቀንሳል። በሁለተኛው ማታ ከጥሬ ጠፍር ፈንታ ከፍየል ቆዳ እንደ ክር የቀጠነ ቅዳጅ ወስደው፥ ግማሽ ደርቆ ግማሽ ረጥቦ ሳለ ሰፉት። ይህ በደኅና ደረቀ።

ያ የተሰነጠቀበት ቀን እሑድ ነበርና ጠዋቱን ወደ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ተመለከትሁ። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባለ ደርብ የእንጨት ሕንጻ ነው፤ ሰገነቱም በጥርብ እንጨት ያጌጠ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱ ከተማው፥ አወቱ የተባለው ወንዝና የቡናው ደን በአንድነት ይታያሉ። በ1924 ዓ.ም. የጅማ የራስ አገዛዝ ቀርቶ አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር እስኪገባ ድረስ የዚህ አገር ጕዳይ የሚፈጸመው በዚህ ስፍራ ነበር። ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ሰው በእግሩ ወይም በመኪና ይመጣል፤ አጥሩ ሥር የታሰረ አንድ ፈረስ እንኳ አላየሁም።

ወደ ቆዳው ነገር ልመለስ። የእውነተኛ ኮርቻ ጠፍር አራት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው ለዚህ ፈረስ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ መሙላት የለበትም። ወፍራም ቆዳ የተደረገበት ትንሽ ኮርቻ ኮርቻ ሳይሆን የተጣጠፈ ጫማ ይመስላል። የእኛ አገር የደጋ በግ ቆዳ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። ቆዳው ስስ ሆኖ ሳለ የማይቀደድ ስለ ሆነ በውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ያንን የበግ ቆዳ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ከውስጥ በኩል በምላጭ እየፋቁ የበለጠ አሳሱት። ጠርዙንም ከመካከሉ ይልቅ አቀጠኑት፤ ታጥፎ ሲሰፋ ሁለት እጥፍ እንዳይሆን ነው። ቀለሙ ቀይ እንዲሆን ጠይቄአቸው ነበር። በቀድሞው ጊዜ ቆዳ የሚለፋው በእምቧይ ፍሬና በቀንጠፋ ነበር፤ ቀንጠፋው ቀይ መልክ ይሰጣል። ዛሬ ብዙው ቆዳ ከፋብሪካ ለፍቶ ስለሚመጣ ሽማግሌው ከአሮጌ ዕቃ የተረፈ ባሕር አረብ ከሣጥናቸው አወጡልኝ።

እንግዲህ አንድ የማላስበው ነገር ነበር፤ ይኸውም የጠፍር አወዳደቅ ነው። የእውነተኛው ፈረስ የእርካብ ጠፍር በክብደቱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ትንሹ ግን ክብደት ስለሌለው እንደ ሣር ወደ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ዐይንም ወዲያው ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ሽማግሌው ጠፍሩን በጥቂት ቅቤ አሽተው፥ በጣታቸው ብዙ ጊዜ አጥፈውና ዘርግተው፥ በመጨረሻም እርጥብ ጨርቅ አስነክተው በፈረሱ ጎን ላይ አስረው አሳደሩት። በማግሥቱ ሲፈታ ልክ እንደ ትልቁ ቁልቁል ወርዶ ተኛ።

ይህን በቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር ሊሞክሩት የሚፈልጉ አንባቢዎች ቢኖሩ ብዙ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። አሮጌ የቆዳ ጓንት፥ ስለት ያለው ምላጭ፥ ቀጭን ወስፌ፥ በንብ ሰም የታሸ ክርና ለስላሳ እንጨት ይበቃል። ማጣበቂያ ባይነካው ይሻላል፤ ይደርቅና ቆዳውን ያገትረዋል። ቀዳዳውን አስቀድሞ በወስፌ መብሳት፥ ክሩን ከሁለት ወገን ማሳለፍ፥ አንዱንም ስፌት ከሌላው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አለማራቅ ነው። ለልጓሙ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይሆናል። ምላጩን ግን ወላጅ ይያዝ።

እርካቡ በተሠራ ጊዜ አንድ የዘነጋሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ከሽቦ ያጠፉት ቀለበት ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም ነበርና እጅግ እንዳነሰ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ባዶ እግራቸውንም ወደ ፊት ዘርግተው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። የቀድሞው ፈረሰኛችን በባዶ እግሩ ይጋልብ ስለ ነበር በእርካቡ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ነበር እንጂ ጫማውን አልነበረም። እኔ ለካ በሐሳቤ የፈረንጅ ጫማ የሚያስገባውን እርካብ ነበር የምጠብቀው። እንዲሁም የሚወጣው በቀኝ በኩል ነበር፤ ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ስለ ነበረ ነው። ሽማግሌው ሁለት ጣቶቻቸውን እንደ ሰው እግር አድርገው በቀኝ በኩል ወደ ትንሹ ፈረስ ሲወጡ ላየ ሰው የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው አይልም ነበር።

በሦስተኛው ማታ ወዴላውን፥ ማለት ከጅራቱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር፥ ሲሰፉ ስለ ሥራቸው ጠየቅኋቸው። የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው ለታላላቅ ሰዎች ኮርቻ ይሠሩ ነበር። «ኮርቻውን እልፍኝ ያስገቡታል» አሉ ሽማግሌው፥ «አባቴን ግን ከደጅ ይመልሷቸው ነበር። ውኃ ቢጠይቁ በተለየ ቅል ነው የሚሰጧቸው። ፋቂ ነው ይሏቸዋል።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ እጃቸውም መርፌውን አላቆመም። እኔ ግን ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ስም መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ዐዋጅ ግን በአደባባይ ይነገራል እንጂ በየቤቱ ቅል ውስጥ አይገባም። የእኔም የአባቴ ኮርቻ ሠሪ ማን እንደ ነበረ፥ በቤታችንስ በየትኛው ዕቃ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሆነ፥ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ልጆቻቸው ሥራውን ተምረው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። አንዱ ሾፌር ነው፤ ሌላዋ በጤና ጣቢያ ትሠራለች። «ደኅና ናቸው» አሉኝ። በዚህ አላዘኑም፤ እኔም ሊያዝኑ ይገባ ነበር ለማለት አልደፍርም። አባት የተዋረደበትን ሥራ ልጅ ቢተወው የሚወቀሰው ልጁ አይደለም። ነገር ግን ያ የሳንቃ መካከል ቦይ ስንት ጣት መሆን እንዳለበት የሚያውቅ እጅ በዚያ ተራ ከእርሳቸው በቀር ሌላ አላገኘሁም። በቅሎውና አህያው ደግሞ በየገጠሩ ገና አሉ።

ኮርቻው ሲያልቅ ሽማግሌው በፈረሱ ላይ ጭነው፥ የሆዱን ጠፍር አጥብቀው፥ የደረቱንና የወዴላውን አስተካክለው፥ በአንድ ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፉት። አልተንሸራተተም። ዋጋውን ስጠይቃቸው ያሉኝ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጨምሬ ብሰጣቸው የጨመርሁትን መለሱልኝና «ለልጁ ማር ይግዙበት» አሉኝ። ማሩን ከዚያው ከመርካቶ ገዛሁ።

አዲስ አበባ የገባሁት ማታ ነበር። ልጁ ፈረሱን አይቶ እስኪጠግብ ድረስ አላናገረኝም፤ ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን እኔ እንደጠበቅሁት ስለ እርካቡ ማነስ ነበር። የአውራ ጣቱን ነገር ብነግረው ወዲያው ካልሲውን አወለቀ። በኋላ ፈረሱን ተሸክሞ ወደ አያቱ ወሰደውና በጕልበታቸው ላይ አቆመላቸው።

አባቴ ማየት አይችሉም፤ እጃቸው ግን ያያል። ከልጓሙ ጀመሩ፤ የመንጋጋውን ቀለበት በጥፍራቸው አገኙት። ዛቡን ተከትለው ወደ ኮርቻው መጡ፤ የፊቱን ከፍታ፥ የኋላውን መደገፊያ ዳሰሱ። ኮርቻውን በጥቂቱ አነሣ አድርገው ትንሿን ጣታቸውን በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ሰደዱ፤ እዚያም ብዙ ጊዜ ቆዩ።

«ይህን የሠራ ሰው ፈረስ ያውቃል» አሉ። «የት አገኘኸው?»

«ጅማ፥ መርካቶ።»

«ስሙን ጠየቅኸው?»

«አዎን፥ ጠየቅኋቸው» አልሁና ስማቸውን ነገርኋቸው። አባቴ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ በኋላ እጃቸውን በኮርቻው ላይ ሳሉ፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ «ግላሱስ?» ብለው ጠየቁኝ።

ትንሹ ፈረስ ግላስ አልተሠራለትም ነበር፤ እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ የትኛው እንደ ሆነ እኔም አውቃለሁ፥ እርሳቸውም ያውቃሉ። «ሸጥሁት፥ አባባ» አልሁ። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ ነገሩ አልገባውምና «ምን ዐይነት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አባቴም ከፈዩ አረንጓዴ እንደ ነበረ፥ ዙሪያው በወርቅ ዘቦ እንደ ተጠለፈ፥ በስተ ግራ ጥግ በኩል እናቴ በልጅነቷ የሰፋችው አንድ የተበላሸ አበባ እንደ ነበረበት፥ የአበባው ቅጠልም አራት መሆን ሲገባው አምስት እንደ ሆነ ይነግሩት ጀመር። ልጁ ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ እርሳቸው እየነገሩት ሣለው። አምስት ቅጠል ያለውን አበባ ሦስት ጊዜ አስደመሰሱት፤ ስፍራው እዚያ አልነበረም ይሉ ነበር።

ቅዳሜ አረንጓዴ ከፈይ ልንፈልግ አብረን እንወጣለን። አንድ ስንዝር ይበቃል።